የሳጥኑ ጠርዝ

«ቀስ በል ሀብቴ፣ እየቀለጠ ነው» አለች ፍቅርተማርያም፣ ከመጋዙ ጠረጴዛ ማዶ የአክሪሊኩን ሉህ በሁለት እጇ ደግፋ ይዛ።

ሀብተሚካኤል አልሰማም፤ ወይም ያልሰማ መሰለ። መጋዝ ሲጮህ አለመስማት ይቻላል፤ ይህን ጥቅም በአሥራ አንድ ዓመት ትዳሩ ውስጥ አንድም ቀን አላባከነውም። ሉሁን ወደሚሽከረከረው ጥርስ ገፋው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ቀጥ ብሎ መውጣት የነበረበት ጠርዝም እንደታኘከ ማስቲካ ተድቦልቡሎ ወጣ። መጋዙን አጠፋና ቁራጩን አገላብጦ አየው፤ ቀጥሎ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

«ስለጮህሽብኝ ነው» አለ።

 የተበላሸውን ቁራጭ ከእጁ ተቀብላ ግድግዳው ሥር አስደገፈችና የተረፈውን ሉህ በሜትር ለካች። ሳጥኑ አራት ጎንና አንድ ክዳን አለው፤ የተረፈው ሉህ ለአራት ጎንና ለአንድ ክዳን በልኩ ይበቃል። ከዚህ በኋላ አንድ ቁራጭ ቢበላሽ መርካቶ ሄዶ ሌላ መግዛት ነው፤ ማኅበሩ ደግሞ ነገ ነው። «እኔ ልግፋው፣ አንተ ያዝልኝ» አለችው። እያጉረመረመ ቦታ ለቀቀላት።

ሥራ ቤታቸው አቃቂ በሰቃ፣ በግቢያቸው በር አጠገብ በቆርቆሮ የተከለለች ክፍል ናት። መጋዙንም፣ መላጊያውንም፣ ሞርሳውንም ሀብተሚካኤል የባቡር አናጺ ከነበሩት አባቱ ወርሷል። በር፣ አልጋ፣ ለኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚሆን የወጥ ቤት ካቢኔት ይሠራል፤ እንጨት ላይ እጁ ጥሩ ነው፣ ይህን የሚክድ የለም። እንጨት ይታገሣል። አክሪሊክ ግን ችኩል ሰው አይወድም። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ባለ ሞባይል ሱቅ «መስታወት የሚመስል ሳጥን» ካዘዛቸው ጀምሮ ጠርዝ የፍቅርተማርያም ሥራ ሆነ። የተለጠፈበትን ወረቀት ሳትልጥ ትቆርጣለች፤ በብረት መጋዝ ምላጭ ጀርባ ጠርዙን ትፍቃለች፤ በውሃ እያራሰች ከሸካራው ወደ ልስልሱ በአራት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት ትፈትጋለች፤ በመጨረሻ አሮጌ ፎጣ ላይ የጥርስ ሳሙና አድርጋ እስኪያበራ ታሸዋለች። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ታፔላ ግን «ሀብተሚካኤል የእንጨትና የአክሪሊክ ሥራ» ይላል። ደንበኛ ሲመጣ እሷ ወንበር አቅርባ ወደ ኋላ ትላለች።

አምስቱንም ቁራጭ ሳታበላሽ ቆርጣ ፍተጋ ስትጀምር ሀብተሚካኤል እሳት የምትተፋውን ትንሿን የጋዝ ቦንቦላ ከመደርደሪያ አነሳ።

«ይህን ሁሉ ከምትፈትጊ እሳት ላሳየው፤ በደቂቃ ያበራል።»

«እሳት አይነካውም ተባብለናል።»

«ያኔ ሌላ ነው።»

ሌላ አልነበረም። ያኔ የሞባይል ሱቁን ሳጥን ጠርዝ በእሳት አብርቶት ነበር፤ እውነትም አምሮ ነበር። በሳምንቱ የሱቁ ሠራተኛ በሳኒታይዘር ስትወለውለው ከጠርዙ ጀምሮ ተሰነጣጠቀ። ፍቅርተማርያም በቁርጥራጭ ሞክራ ሞክራ ምክንያቱን ደረሰችበት፦ እሳት የነካው ጠርዝ ላይ ላዩን ያበራል እንጂ ውስጡ ተወጥሮ ይቀራል፣ አልኮል ያገኘው ዕለት ይሰነጠቃል። በእጅ የተፈተገውን ግን አልኮል ምንም አያደርገውም። ሀብተሚካኤል ባለሱቁን «ዕቃው የቻይና ነው፣ ምን ላድርግህ» ብሎ ሸኝቶታል። አሁን ግን ቦንቦላዋን ወደ መደርደሪያው መለሳት፤ እሷም ወደ ፍተጋዋ ተመለሰች።

ሳጥኑ የሚሠራው ለማርያም ማኅበር ነው። ማኅበሩን ያቆሙት የባቡርና የፋብሪካ ሠራተኞች ሚስቶች ናቸው። ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ስትሞት ልጇ ወይም ምራቷ ትተካለች። ወር በገባ በሃያ አንድ ጽዋውና የምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕል ከአንዷ ቤት ወደ ተረኛዋ ቤት ይሄዳሉ፤ ሥዕሉ በነጠላ ተጠቅልሎ በባጃጅ ሲመላለስ አንድ ጥጉ ተልጧል። የሀብተሚካኤል እናት ከዐሥራ ሁለቱ አንዷ ነበሩ። ካረፉ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ቦታቸውም እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ፍቅርተማርያም ስትጠይቅ የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ ወርቅውሃ «ለሚቀጥለው ወር ልጄ» አሉ፣ ቀጥሎ «ጾሙ ይፈታ» አሉ፣ ቀጥሎ «ዓመቱ ይለወጥ» አሉ። እምቢ አላሏትም።

ለምን እንደማያስገቧት የነገራት ሰው የለም፤ መንገር አላስፈለገም። አንዲት ያገሯ ሴት አንድ ተዝካር ላይ የፍቅርተማርያም አያት ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ አወራች። ከሰው ጭንቅላት በላይ ባቡር በሚሄድበት ከተማ የማን አያት ጭቃ አቦካች ብሎ የሚጠይቅ ያለ አይመስልም። አለ። ከዚያ ተዝካር ወዲህ እሷ ስትገባ አራስ ልጅ ይከናነባል፣ የተቆረሰ ዳቦ መሶብ ውስጥ ይገባል፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጇ ሩት ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት የምሳ ሰዓት ሲደርስ ልጆቹ በየስማቸው እየተጠሩ ይገባሉ። ቃሉን ማንም ፊት ለፊት አላላትም። ፍቅርተማርያም ግን አንድ ነገር ታውቃለች፤ ከአንድ ጽዋ የጠጡ እህትማማች ናቸው፣ እህቱን ቡዳ የሚል የለም። እሷ ስትገባ ልጇም ትገባለች። ስለዚህ ለሥዕሉ ሳጥን ልሥራ ብላ ሄደች። እትዬ ወርቅውሃ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀን ቆረጡላት፤ ሳጥኑን በሃያ አንድ ይዘሽ ነይ፣ በዚያው ቀን የአማትሽን ቦታ ትይዣለሽ፣ ጽዋውንም ታነሺያለሽ አሏት።

ዐርብ አመሻሽ ላይ ሳጥኑ አለቀ። ሀብተሚካኤል መቀመጫውን ከዋንዛ ሠርቶታል፤ ያማረ መቀመጫ ነው። እሷ ጎኖቹን አጣብቃ፣ ወረቀቱን ልጣ፣ ጠርዙን በጣቷ እየዳሰሰች ሁለት ጊዜ ዞረችው። ንጹሕ አንሶላ አለበሰችውና እጇን ታጠበች። ጣቶቿ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ብዛት ተሸብሽበው ነበር፤ ሩት እያየች ሳቀችባት፣ እሷም ሳቀች። ደስ ብሏት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ገላዋን ታጥባ፣ የልጇን ፀጉር ሠርታ፣ ያማቷን የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ ሀብተሚካኤል ሳጥኑን በአንሶላው እንደተጠቀለለ ባጃጅ ላይ ጭኖ ጠበቃት። ፊቱ ላይ ስጦታ የደበቀ ሰው ፈገግታ ነበረበት። ምን እንዳስደሰተው አልጠየቀችውም፤ ለእሷ የተደሰተ መስሏት ነበር።

የእትዬ ወርቅውሃ ሳሎን ነጭ በነጭ ሆኗል። ሴቶቹ በግድግዳው ዙሪያ፣ ባሎቻቸው በር በሩን ይዘዋል። ቄሱ ሰዓታቸውን እያዩ ቆመዋል፤ በሃያ አንድ ሦስት ማኅበር አለባቸው፣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሀብተሚካኤል ሳጥኑን መሐል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አንሶላውን ሲገፍ ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ ወርቅውሃ ሥዕሉን ተሳልመው በእጃቸው አስገቡት፣ ክዳኑን ገጠሙ፣ «እጅህ ይባረክ ሀብቴ» አሉ። «አሜን» አለ።

ፍቅርተማርያም እልልታዋ አፏ ላይ ቀረ። በእጅ የተፈተገ ጠርዝ ጥጉ ስል ነው፤ ትናንት ማታ ስትዳስሰው ስል ነበር። ይህ ግን ጥጉ ሟምቶ ክብ ብሏል፣ እንደ ውሃ ያበራል። ቀሚስ ስትለብስ፣ ልጅ ስታበጥር፣ እሱ ሥራ ቤት ገብቶ እሳት አስነክቶታል። ቀና ብላ አየችው። እሱ «ቀላል ነው፣ ልምድ ነው» እያለ ለአንዱ ባል ያስረዳል።

ይሁን፣ አለች በልቧ፤ ውሃና ደረቅ ጨርቅ ምንም አያደርገውም። ማታ ክዳኑን ወስጄ እንደገና እፍቀዋለሁ።

በዚህ መሐል የእትዬ ወርቅውሃ ልጅ ሊዲያ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ሊዲያ ኮዬ ፈጬ የምትኖር፣ ባሏ ደህና ሥራ ያለው፣ በእናቷ ቤት ሁሉ ነገር የሚፈቀድላት ሴት ናት። ለማርያም የተሳለችውን ሽቶ ከካርቶኑ አውጥታ የጠርሙሱን ክዳን ከፈተች።

«ሊዲያ» አለች ፍቅርተማርያም፣ «እባክሽ ሽቶውን ሳጥኑ ላይ አትርጪው። መጋረጃው ላይ አድርጊው።»

ሊዲያ እጇን ገታ አድርጋ እናቷን አየች።

«ለእመቤታችን የመጣውን ሽቶ ለመጋረጃ ነው የምትይው?» አሉ እትዬ ወርቅውሃ።

«እንደሱ አይደለም እትዬ። ሳጥኑ አልኮል አይወድም። ይሰነጠቃል።»

«አንድ የማርያም ሽቶ የማይችል ሳጥን ነው የሠራችሁት?» አሉና ወደ ሀብተሚካኤል ዞሩ። እሱ እንደሌለበት ነገር ወለሉን ያያል። «ርጪው ልጄ» አሉ።

ሊዲያ ከላይ ጀምራ ዙሪያውን አርከፈከፈችው፣ በነጠላዋ ጫፍም ጠርዝ ጠርዙን ወለወለችው። ሽታው ቤቱን ሞላው። ቄሱ ጸሎት ጀመሩ።

ፍቅርተማርያም አልጸለየችም። ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ እሷ ክዳኑን ታያለች። መጀመሪያ በቀኝ ጥጉ አንዲት ፀጉር የምታህል መስመር ታየች። ከዚያ ሁለት ሆኑ፣ ከዚያ አምስት። ሌላው «አቤቱ ማረን» ሲል እሷ መስመር ትቆጥራለች። ቄሱ ዳዊት ደግመው ሲጨርሱ ስንጥቁ ከጠርዙ ተነሥቶ፣ ክረምት የራቀው ጭቃ መስሎ፣ በእመቤታችን ፊት ትክክል ደርሷል።

ከሌሎቹ ቀድማ ያየችው ጠረጴዛው አጠገብ የነበረች ሴት ናት። ሳትጮህ በጣቷ አመለከተች። ቀጥሎ ሁሉም ሳጥኑን አዩ፤ ቀጥሎ ሁሉም ፍቅርተማርያምን አዩ።

«ሳይሰነጠቅ ይሰነጠቃል አለች» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ሹክሹክታ መሆን ነበረበት፤ ግን ሁሉም ሰማው።

ፍቅርተማርያም ወደ ሳጥኑ ቀረበች። በተቻላት መጠን በእርጋታ አስረዳች። ጠርዙ እሳት ሲነካው ውስጡ ይወጠራል፣ ሽቶ ውስጥ አልኮል አለ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ይኸው ነው፣ ከዚህ በፊትም አይተናል አለች። ፊታቸውን ስታይ አንዱም ቃል እንዳልገባ ገባት። ወደ ባሏ ዞረች።

«ሀብቴ፣ ዛሬ ጠዋት እሳት አስነክተኸዋል። ንገራቸው።»

ሀብተሚካኤል ቀና አለ። በር አጠገብ ከቆሙት ባሎች አንዱ አልጋ አዝዞታል፤ ሌላው ለልጁ ቤት ሦስት በር ሊያሠራ ነው። ሁሉም እሱን ይጠብቃሉ። አንድ «አዎ» ይበቃ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ፊት ተሳሳትኩ ማለት ብቻ አይችልም።

«እኔ እንደ ሁልጊዜው ነው የሠራሁት» አለ። ዝቅ ባለ ድምፅም ጨመረበት፤ «ምን እንዳገኘው አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ ማንም አልተቆጣትም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። እትዬ ወርቅውሃ ሥዕሉን አውጥተው በራሳቸው ነጠላ ጠቀለሉት። ቄሱ የዕቃ ነገር ነው፣ አትጨናነቁ አሉና ግን ጸበል አስመጡ፤ ሌላውን አንድ አንድ ጊዜ ረጭተው እሷን ሦስት ጊዜ ረጯት፣ ሦስተኛውን ፊቷ ላይ። እስክትጮህ የጠበቁ ነበሩ። አልጮኸችም። ውሃው በአማቷ ቀሚስ ላይ ሲወርድ ሳትጠርገው ቆመች። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እሷ ዘንድ ሊደርስ አንድ ሰው ሲቀረው እትዬ ወርቅውሃ ፈጠን ብለው ተቀበሉትና ከእሷ ቀጥሎ ላለችው አሻገሩት። «አንቺ ደክሞሻል፣ ዛሬ ይቅርብሽ» አሏት በደግ ድምፅ። ዳቦም ሲቆረስ የእሷ ድርሻ በፌስታል ተቋጥሮ መጣ፤ ቤትሽ ትበይዋለሽ ተባለች።

ቤት ሲደርሱ ሩት ፌስታሉን ከእናቷ እጅ ተቀብላ ዳቦውን መብላት ጀመረች፤ ማኅበሩ እንዴት ነበር ብላም ጠየቀች። ፍቅርተማርያም ጥሩ ነበር አለቻትና ወደ ውጭ ላከቻት። ሀብተሚካኤል ጫማውን እያወለቀ ነበር።

«ለምን እሳት አስነካኸው?»

«ይበልጥ እንዲያምር። ለአንቺ ብዬ ነው እኮ።»

«ለምንስ አልተናገርክም?»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አበላሸሁ ልበል? ከዚያ በኋላ ማን በር ያሠራኛል? ምን ልንበላ ነው?»

«ቡዳ ናት ብለው እኮ ነው ጽዋ የነሱኝ።»

«ማንም እንደዚያ አላለም» አለ። እውነቱን ነው፤ ቃሉን ማንም አላነሳውም።

አጠገቡ ተቀመጠች። አልለመነችውም ማለት አይቻልም፤ ለመነችው። ነገ እትዬ ወርቅውሃ ዘንድ ሂድ፣ ለብቻቸው ንገራቸው፣ ሌላ ሰው አይስማ፣ እሳቸው ካወቁ ይበቃኛል አለችው። ልጅቷን አስብ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት ትሄዳለች አለችው። እሱ ካልሲውን አውልቆ አጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ። ሲያስብ የቆየ ይመስል ነበር።

«ደግሞ ማን ያውቃል» አለ። «የሱቁንም ሳጥን ተሸክመሽ ያደረስሽው አንቺ ነሽ።»

እየቀለደ እንደሆነ ፊቱን አየችው። አይቀልድም። ሊዋሻት ፈልጎም አይደለም፤ ማመን መጀመሩ ነው። ከራሱ ጥፋት ይልቅ የሚስቱ ዓይን ቀልሎታል። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ትራስ የተጋራችው ሰው ነው። ይህ ከጸበሉም፣ ከጽዋውም፣ ከፌስታሉም ባሰባት። ተነሥታ ቀሚሱን አውልቃ አጥባ አሰጣችው።

በማግስቱ እሑድ ነው፤ መጋዝ አይነሣም። ፍቅርተማርያም ግን በማለዳ ሥራ ቤት ገብታ መጀመሪያ ከተበላሸው ቁራጭ ሁለት መዳፍ የሚያህሉ ቁርጥራጮች በእጅ መጋዝ አወጣች። የአንዱን ጠርዝ በእሳት አበራችው፣ የሌላውን ፈተገችው። ከቤት ሽቶ አምጥታ አጠገባቸው አስቀመጠች። ከቅዳሴ መልስ እትዬ ወርቅውሃ ዘንድ ይዛቸው ልትሄድ ነበር። እሳቸው ቀደሟት፤ ሊዲያን አስከትለው፣ የተሰነጠቀውን ሳጥን በአንሶላው ጠቅልለው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ሊዲያ ነጠላ የተሸፈነ ሕፃን ታቅፋለች። ሀብተሚካኤል ከቤት ሮጦ ወጥቶ ወንበር ጠረገላቸው።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ይመልከቱልኝ» አለች ፍቅርተማርያም፣ ሰላምታውን እንኳ ሳታስጨርስ። «ይኼ እሳት የነካው ነው። ይኼ በእጅ የተፈተገው።» ሁለቱም ላይ ሽቶ ረጨች።

አራቱም ጎንበስ ብለው አዩ። ብዙ አልቆየም። እሳት የነካው ቁራጭ ከጠርዙ ጀምሮ ፀጉር በሚያህሉ ስንጥቆች ተሞላ፤ ሌላው ጥርት እንዳለ ቀረ። እትዬ ወርቅውሃ ሁለቱን አንሥተው ወደ ብርሃን አስጠግተው ተመለከቱ። ሞኝ ሴት አይደሉም፤ ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ የሠሩ፣ ማሽን ሲበላሽ ከድምፁ የሚያውቁ ሴት ናቸው። ሀብተሚካኤልን አዩት። እሱ የወንበሩን እግር እያስተካከለ ነበር።

«ገብቶኛል ልጄ» አሉ። «እኔስ ገባኝ።»

ፍቅርተማርያም ዓይኗ እንባ ሞላ። «ታዲያ ይንገሩልኛ፣ እትዬ።»

«ለማን ልንገር? አንዷን ባስረዳ ዐሥሯን ማን ያስረዳልኛል? ሰው ያየውን አይቷል።» ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛው ላይ መለሷቸው። «ማኅበሩ ደግሞ በእኔ ጊዜ እንዲፈርስ አልፈልግም። ትናንት ማታ ተነጋግረን ያማትሽን ቦታ ለሊዲያ ሰጥተናታል። አንቺ ደግሞ ቅር አይበልሽ፤ በረከቱ የትም ነው።»

ሊዲያ የልጇን ነጠላ አስተካከለች።

እትዬ ወርቅውሃ ወደ ሀብተሚካኤል ዞረው የመጡበትን ተናገሩ። ሥዕሉ ያለ ሳጥን አይቆይ፤ ሌላ ሥራልን፣ ዋንዛው መቀመጫ ደህና ነው፣ ሉሁን እኛ እንገዛለን አሉት። ቀጥለውም፣ «እሷ ባትነካው ጥሩ ነው» አሉ። «ለሰው አፍ ነው እንጂ እኔ ምንም የለኝም።»

ጠርዙን እሷ ካልፈተገችው የሚፈትገው ሰው እንደሌለ አራቱም ያውቃሉ። ፍቅርተማርያም ባሏን አየችው። ይህ ሁለተኛው ዕድሉ ነበር፤ ለዚህ ሰው እንዲህ ያለ ዕድል በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ መምጣቱ ራሱ ብዙ ነው።

«እሺ እትዬ» አለ ሀብተሚካኤል። «ብቻዬን እሠራዋለሁ።» እሷ በር ዘግታ እንድትፈትግለት እንደሚጠብቅ ከድምፁ ያስታውቅ ነበር።

ሴቶቹ ሊሄዱ ተነሡ። በዚህ ጊዜ ሕፃኑ እጁን አውጥቶ ነጠላውን ከፊቱ ሳበና ሳቀ። የስምንት ወር ወንድ ልጅ ነው፤ ከታች ሁለት ጥርስ አብቅሏል፣ ሽፋሽፍቱ ረጅም ነው፣ ግንባሩ ላይ ፀጉሩ ተጠቅልሏል። ሊዲያ ነጠላውን ለመመለስ ብትሞክርም በጡጫው ይዞ አልለቅም አላት።

ፍቅርተማርያም የሰው ሕፃን ስታይ ምን እንደምታደርግ ገና መናገር ሳትችል ነው እናቷ ያስተማረቻት። መጀመሪያ እትፍ እትፍ ትያለሽ፣ ማርያም ታሳድገው ትያለሽ፣ ከዚያ ዓይንሽን ትሰብሪያለሽ። ሌላው ሰው አንዴ ሲል አንቺ ሁለቴ በይ ነበር ያለቻት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሁለቴ ብላለች። የገዛ ልጇን እንኳ ጠግባ ሳታያት ነው ያሳደገቻት።

እጇን በሽርጧ ጠረገችና ወደ ሊዲያ ቀረበች። ከሕፃኑ ፊት አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች፤ ሽፋሽፍቱን፣ ሁለቱን ጥርሶች፣ ግንባሩ ላይ የተጠቀለለውን ፀጉር አየች። ልጁም ትክ ብሎ አያት።

«እንዴት ያምራል» አለች።

ሁሉም የቀረውን ቃል ጠበቁ። ሊዲያ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «እትፍ በይበት እንጂ» አለች፣ ድምፅዋ ልመና ሆኖ። ገብቶኛል ያሉት እትዬ ወርቅውሃም ማተባቸውን ጨብጠው፣ «ማርያም ታሳድገው በይ፣ ልጄ» አሏት። ሀብተሚካኤል ስሟን ጠራ።

ፍቅርተማርያም አላለችም። ነጠላው ተመልሶ የልጁን ፊት እስኪሸፍን ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።